የጣና ጀልባ ጉብኝት በቪአር፦ ጎብኚዎችን እያዞራቸውና እያቅለሸለሻቸው ነው፤ ምን እናስተካክል?

ጣናዳር
ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር ላይ ለተማሪዎችና ለእንግዶች የምናሳየው የቪአር፣ ማለትም ዓይን ላይ በሚደረግ መነጽር የሚታይ ምናባዊ ዓለም፣ ጉብኝት አለ። ሦስት ትዕይንት ነው፦ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በጀልባ፣ ከዚያ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ውስጥ፣ በመጨረሻ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ። ዩኒቲ በተባለው የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር የተሠራ ሲሆን ያለ ኮምፒውተር ኩዌስት 2 በተባለው የቪአር መነጽር ላይ ይሠራል፤ ሁለት መነጽር አለን። ጠቅላላው 14 ደቂቃ ነው፤ ጎብኚው ወንበር ላይ ተቀምጦ ያያል።

ብዙዎቹን ገና ጀልባው ላይ እያሉ ያቅለሸልሻቸዋል። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ካሜራው መቅደሱን ሲዞር ደግሞ የቀሩትም «አውልቁልኝ» ይላሉ። ሎሚ እያሸተቱ ይዩ የሚለን አለ፤ ይለመዳል፣ ይቻሉት የሚለንም አለ። ችግሩ ከመነጽሩ ነው፣ ከሶፍትዌሩ ወይስ ከሰዉ? ከየት እንጀምር?

ዳሞት_3ዲ
እህቴ፣ ከሶፍትዌሩ ጀምሩ። ሎሚውም መልመዱም ኋላ የሚታይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በውስጠኛው ጆሯችን ሦስት ግማሽ ክብ ቱቦዎች አሉ፤ የራስን መዞር ይለካሉ። አጠገባቸው ያሉት ሁለት ከረጢቶች ደግሞ በላያቸው በተጣበቁ ጥቃቅን የካልሲየም ቅንጣቶች አማካይነት ወደ ፊት መፈትለክን፣ መቆምን፣ ማዘንበልን ያውቃሉ። ሁሉም የሚለኩት የፍጥነትን ለውጥ ነው እንጂ ፍጥነትን አይደለም። ዓይን «እየሄድሁ ነው» ሲል ጆሮ «ቁጭ ብለሃል» ካለ ማቅለሽለሹ ይመጣል። ከደጀን ወደ ጎሃ ጽዮን የዓባይን በረሃ በአውቶቡስ ሲያቋርጥ ስልክ የሚያነብ ሰው የሚታመመው በዚሁ ምክንያት ነው፤ የእሱ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ጆሮው ጥምዝምዙን ሁሉ ይቆጥራል፣ ዓይኑ ያልተንቀሳቀሰ ጽሑፍ ላይ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የምትመለከቱት ሁለት ነገር ነው፦ ፍሬሙ፣ ማለትም እየተከታተለ የሚሳለው እያንዳንዱ ምስል፣ ይጎድላል ወይ? ካሜራው ጎብኚው ሳይንቀሳቀስ የት የት ላይ ይንቀሳቀሳል?

ለፍሬሙ ኦቪአር ሜትሪክስ ቱል የተባለውን መለኪያ መተግበሪያ ጫኑና ቁጥሩ በምስሉ ላይ እንዲታይ አድርጋችሁ ሦስቱንም ትዕይንት እለፉባቸው። በ72 ሄርዝ፣ ማለትም በሴኮንድ 72 ፍሬም፣ ለአንድ ፍሬም ያላችሁ ጊዜ 13.9 ሚሊ ሴኮንድ ነው፤ በ90 ሄርዝ 11.1። አማካዩን ሳይሆን ዝቅተኛውን ጻፉ። አማካዩ 71 ሆኖ ጀልባው ወደ ዘጌ ዛፎች ሲጠጋ 45 ላይ የሚወድቅ ከሆነ ሰዉ የሚታመመው እዚያች ቦታ ላይ ነው። ፍሬም ሲጎድል መነጽሩ የቀደመውን ምስል አጣሞ ይሞላበታል። ራስ ዝም ብሎ ሲዞር ብዙም አያስታውቅም፤ ሰውየው ወደ ጎን ዘንበል ሲል ግን በቅርብ ያለው ነገር፣ ማለትም የጀልባው ጠርዝ ወይም እጁ፣ ድርብ ሆኖ ይንቀጠቀጣል። ራስ ተንቀሳቅሶ ምስሉ እስኪከተለው ያለው ጊዜም ከ20 ሚሊ ሴኮንድ ባይበልጥ ነው የሚመከረው።

72ን ሳትጨርሱ ወደ 90 አትውጡ። ቀጥ ብሎ የጸና 72 ከሚዋዥቅ 90 ይሻላል።

የማርቆሱ
ዳሞት ባለው ላይ ልጨምር። የዘጌው ጫካ ላይ ፍሬም እንደሚወድቅባችሁ ሳላየው እገምታለሁ። የቡናውና የዛፉ ቅጠል ከፊሉ የሚያሳልፍ ምስል በተለጠፈባቸው ጠፍጣፋ ካርዶች ነው የሚሠራው። ካርዶቹ ሲደራረቡ ምስሉን የሚስለው ቺፕ፣ ጂፒዩው፣ ያንኑ ፒክሰል ደጋግሞ ይቀባል። ቅርጾቹ የተሠሩባቸውን ሦስት ማዕዘኖች ቁጥር ብቻ ብትቀንሱ ለውጥ አታዩም፤ መደራረቡ ነው የሚበላው።

ከ50 ሜትር በላይ ያለውን ዛፍ በአንድ ጠፍጣፋ ሥዕል ተኩት። ከ150 ሜትር በላይ ያለውን ጭራሽ ከሰማዩ ጋር አንድ ላይ ሳሉት። ጥላውንና ብርሃኑን አስቀድማችሁ አስልታችሁ ሥዕሉ ላይ አትሙ (ቤክ አድርጉ)፤ በሂደት የሚሰላ ጥላ አጥፉ። ብሉም (የብርሃን ማፍኪያ) እና የመሳሰሉትን የማሳመሪያ ንብርብሮች አውጡ። 4 እጥፍ ኤምኤስኤኤ (ጠርዝ ማለስለሻ) ይኑር፤ የነገሮች ጠርዝ ሲርገበገብም ዓይን ይደክማል። ውኃው ላይ ለተለጠፈው ሥዕል (ቴክስቸር) ሚፕማፕ፣ ማለትም ለሩቁ የሚሆኑ ያነሱ ቅጂዎቹ፣ መብራቱን አረጋግጡ፤ ከሌለው ሩቁ ሞገድ አሸዋ የተረጨበት ይመስል ይብለጨለጫል።

የምስሉን ዳር አደብዝዞ መሃሉን አጥርቶ የሚስለው ፎቪዬሽን ለጀልባውና ለፏፏቴው መካከለኛ ላይ ቢሆን ጥሩ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ግን ዝቅ አድርጉት፤ የግድግዳው ሥዕል ጠርዝ ላይ ይታወቃል።

ሌላ የሚረሳ ነገር፦ ሙቀት። የባሕር ዳር መጋቢትና ሚያዝያ ላይ መነጽሩ ሳያርፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ውሎ ይግላል። ሲግል ፕሮሰሰሩ ራሱን ይቀንሳል፤ ጠዋት የጸናው 72 ከሰዓት በኋላ አይጸናም። ሙከራችሁን ከረጅም ሥራ በኋላ በጋለው መነጽር ላይ አድርጉ። ሁለቱን እያፈራረቃችሁ አሳርፉ። ሌንሱ ወደ ላይ ሆኖ መስኮት ዳር አይቀመጥ፤ ፀሐይ በሌንሱ በኩል ስክሪኑን በአጭር ጊዜ ታቃጥለዋለች፤ ያ ደግሞ አይጠገንም።

ፍኖተ_ሰላም
ጣናዳር፣ ስለ ጀልባው አራት ነገር ንገሪን፦ ፍጥነቱ ስንት ነው? ካሜራው ከሞገዱ ጋር ይወዛወዛል? ይታጠፋል? ሲነሣና ሲቆም እንዴት ነው?

ጣናዳር
ፍጥነቱ በሴኮንድ 6 ሜትር። አዎ፣ እውነተኛ እንዲመስል ከሞገዱ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል፤ አንዱ ዙር 5 ሴኮንድ ገደማ ነው። ክብራን ገብርኤል ደሴት አጠገብ ሰፋ አድርጎ ይታጠፋል። ሲነሣ በ6 ሴኮንድ ቀስ እያለ ይፈጥናል፣ ሲቆምም እንደዚያው። ጀልባዋ ክፍት ናት፤ ጣሪያ የላትም።

ፍኖተ_ሰላም
በእውነተኛ ባሕር ላይ ሰውን ከሁሉ ይበልጥ የሚያስታውከው ወደ ላይና ወደ ታች የሚደረግ ውዝዋዜ በ0.2 ሄርዝ አካባቢ ያለው ነው፤ ማለትም በ5 ሴኮንድ አንድ ዙር። ሳታውቁት እሱኑ ነው የመረጣችሁት። ከካሜራው ላይ ውዝዋዜውን ሙሉ በሙሉ አውጡት። አድማሱ ቀጥ ይበል። ጀልባ መሆኑን ለማሳየት ድምፅ ይበቃል፤ የሞተሩና የውኃው መጋጨት። ከፈለጋችሁ ራቅ ብሎ የሚያልፍ ታንኳ ይወዛወዝ፤ የጎብኚው ዓይን ግን አብሮ አይወዛወዝ።

ቀጥሎ ውኃው ነው። በዓይን ላይ የሚሮጠው ነገር ፍጥነት ለርቀት ሲካፈል የሚገኘው ነው። ዓይን ከውኃው 2 ሜትር ቢርቅ፣ በ6 ሜትር ፍጥነት አጠገባችሁ ያለው ውኃ በሴኮንድ 3 ራዲያን፣ ማለትም 172 ዲግሪ ገደማ ይሮጣል። 300 ሜትር የራቀው ዳርቻ ግን በሴኮንድ 1 ዲግሪ ከሩብ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ሰውን የሚያሳምመው ዘጌ አይደለም፣ ከጀልባው ሥር ያለው ውኃ ነው። የጀልባውን ጎን ከፍ አድርጉና ቅርቡን ውኃ ሸፍኑት። ተቀምጦ ወደ ጎን የሚያይ ሰው ከ10 ወይም 15 ሜትር ይልቅ የቀረበውን ውኃ ማየት የለበትም። የቀረውን ሞገድ ደብዘዝ ያለ፣ ንፅፅሩ የቀነሰ አድርጉት።

ጣሪያ ሥሩላት። እውነተኞቹ የጣና ጀልባዎች ብዙዎቹ ሸራ ወይም ቆርቆሮ ጣሪያ ስላላቸው ነገሩን አያበላሽም። ጣሪያው፣ ምሰሶዎቹ፣ ፊት ለፊት ያለው ወንበር ሁሉ ከጎብኚው ጋር ባሉበት ሲጸኑ አእምሮ «የተቀመጥሁበት ይሄ ነው» ብሎ የሚይዘው ነገር ያገኛል። ጀልባዋ ውስጥ ያለው ወንበር ከፍታ ክፍሉ ውስጥ ካለው እውነተኛ ወንበር ጋር እኩል ይሁን፤ 45 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 45።

መታጠፉን አውጡት። ጉዞውንም ቁረጡት፤ ከወደቡ መነሣት፣ መሃል ጣና፣ ዘጌ መድረስ፤ እያንዳንዱ ከ20 እስከ 30 ሴኮንድ፣ ሁሉም ቀጥ ያለ መስመር፣ በመካከላቸው ጨለማ። ፍጥነቱን ወደ 2 ወይም 3 ሜትር አውርዱት፤ የሚጠፋ ውበት የለም።

ቢቸና
እኔ በአንድ ነገር አልስማማም፤ የ6 ሴኮንዱ ቀስ ብሎ መነሣት ጥሩ ነገር ነው። ድንገት ቢነሣ ሰው ይደነግጣል። ለስላሳ መሆኑ ነው የሚሻለው።

ዳሞት_3ዲ
ቢቸና፣ በእውነተኛ መኪና ከሆነ ልክ ነህ። እዚህ ግን ይገለበጣል። ጆሮ የሚለካው ለውጥን ብቻ ነው ብያለሁ። ጀልባው በጸና ፍጥነት ቀጥ ብሎ ሲሄድ በእውነተኛው ዓለምም ጆሮ ምንም አይናገርም፤ ስለዚህ ከዓይን ጋር አይጣላም። የሚጣሉት ፍጥነቱ ሲለወጥ ነው። ለውጡን በ6 ሴኮንድ ብትዘረጋው ጠቡን 6 ሴኮንድ አረዘምኸው። በአንድ ፍሬም ፍጥነቱ ከ0 ወደ 2 ሜትር በሴኮንድ ቢዘልል ጠቡ ሳይጀመር አለቀ። ድንጋጤው ያሰጋህ ከሆነ ምስሉ ጨልሞ እያለ አስነሣው፤ ሲበራ ጀልባው በጸና ፍጥነቱ ላይ ይሁን። አቋቋሙም እንዲሁ፤ መጀመሪያ ይጨልም፣ ከዚያ ይቁም።

ቢቸና
በጨለማ ማስነሣቱን ተቀብያለሁ፤ እሱ ድንጋጤውንም ያስቀራል። እይታን ማጥበብስ? ብዙ ጌም ላይ ሲንቀሳቀሱ ዳሩ ይጨልማል።

ዳሞት_3ዲ
ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2016 የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዎቹ ፈርናንዴስና ፋይነር ሰው ሲንቀሳቀስ እይታውን ቀስ ብሎ ማጥበብ ሕመሙን እንደሚቀንስ፣ ብዙዎቹም መጥበቡን እንደማያስተውሉት አሳይተዋል። መንቀሳቀስን ይበልጥ የሚያስተውለው የዓይን ዳር ስለሆነ ነው። ለጀልባው ግን ጣሪያውና ከፍ ያለው ጎን ያንኑ ሥራ ይሠራሉ፤ ሁለቱን አትደርቡ። በእግር የሚኬድበት ትዕይንት ካላችሁ ያኔ ከግማሽ ሴኮንድ እስከ አንድ ሴኮንድ ባለ ጊዜ ውስጥ ወደ 60 ወይም 70 ዲግሪ አጥብቡ፣ ሲቆም መልሱ። የመራመዱ ፍጥነት ደግሞ ከሰው እርምጃ አይብለጥ፤ በሴኮንድ 1.4 ሜትር።

ጣናዳር
እግዜር ይስጥልን። ቤተ ክርስቲያኑስ? ሥዕሎቹ ዙሪያውን ስለሆኑ ነው ካሜራውን ያዞርነው።

ፍኖተ_ሰላም
ዙሪያ መዞር ከሁሉ የከፋው እንቅስቃሴ ነው፤ ሦስቱም ቱቦዎች «አልዞርሁም» እያሉ ዓይን ሙሉ ግድግዳ ሲያልፍበት ያያል። ካሜራው አይዙር። በመቅደሱ ዙሪያ የጸኑ መቆሚያዎች አስቀምጡ፤ ለእያንዳንዱ የግድግዳ ክፍል አንድ ወይም ሁለት። ጎብኚው በእጁ በያዘው መቆጣጠሪያ (ኮንትሮለር) ቀጣዩን መቆሚያ ይጠቁማል፤ ምስሉ በ0.2 ሴኮንድ ይጨልማል፣ ቦታው ይቀየራል፣ በ0.2 ሴኮንድ ይበራል። ሲበራ ሥዕሉ ፊት ለፊቱ ይሁን፤ አቅጣጫውን እንዲፈልግ አታድርጉት።

ከሥዕሉ ከ1.5 እስከ 2 ሜትር ራቁ። ሌንሱ ዓይንን የሚያተኩረው በአንድ የጸና ርቀት ላይ ነው፤ ነገሩ ከግማሽ ሜትር ሲቀርብ ሁለቱ ዓይኖች ወደ አፍንጫ ይሰበሰባሉ፣ ትኩረታቸው ግን እዚያው ሩቅ ይቀራል። ግንባርን የሚይዘው ሕመም አንዱ መነሻው ይሄ ነው። የማብራሪያው ጽሑፍ ከራስ ጋር አብሮ የሚዞር ከሆነ አንሡትና ግድግዳው አጠገብ ስቀሉት።

ወንበሩ በእግሩ ሳይንሸራተት በመቀመጫው ብቻ የሚሽከረከር ቢሆን ከሁሉ ይሻላል፤ ሰው በራሱ ሲዞር ጆሮውም አብሮ ይዞራል። ያኔ በኮንትሮለር መዞርን ዝጉት። የሚሽከረከር ወንበር ከሌለ መዞሩ በ30 ዲግሪ እየዘለለ ይሁን፤ ለስላሳ አዟዟር አይኑር።

የማርቆሱ
ጢስ ዓባይ ላይም አንድ ነገር ልብ በሉ። ካሜራው ባይንቀሳቀስም 45 ሜትር ገደማ የሚወርድ ውኃ እይታውን ከሞላው ሰውነት ወደ ላይ እየተነሣ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1834 ሮበርት አዳምስ የተባለ ሰው ስኮትላንድ ውስጥ ፏፏቴ ሲያይ ቆይቶ ዓይኑን ወደ ዓለቱ ሲያዞር ዓለቱ ወደ ላይ ሲወጣ እንደታየው ጽፏል፤ ነገሩ እስከ ዛሬ የፏፏቴ ውዥንብር ይባላል። መቆሚያውን ወደ ኋላ አርቁት፣ ውኃው ከእይታው ሲሶውን ቢይዝ ይበቃል። ፊት ለፊቱ ቋሚ ዓለት ወይም ሣር ይኑር። እግር ሥር መሬት ይታይ፤ ገደል ጫፍ ላይ አታቁሙት። ጉሙ ወደ ላይ የሚነሣበት አኳኋን ቀስ ይበል።

አዴት_ጤና
ሶፍትዌሩን ወንድሞች ጨርሰውታል፤ እኔ ስለ ሰዉና ስለ ክፍሉ።

በብሌኖች መካከል ያለው ርቀት መጀመሪያ ይለካ። ኩዌስት 2 ሦስት ቦታ ብቻ ነው ያለው፦ 58፣ 63፣ 68 ሚሊ ሜትር። ጎብኚው በትከሻችሁ አሻግሮ ሩቅ ይመልከት፤ ማስመሪያ ቅንድቡ ላይ አድርጋችሁ ከግራው ብሌን ውስጠኛ ጠርዝ እስከ ቀኙ ብሌን ውጫዊ ጠርዝ ለኩ። 61 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ 1 ቁጥር፣ ከ61 እስከ 66 ከሆነ 2፣ 66ና ከዚያ በላይ 3። ሌንሱን ሁለቱን በእጅ ይዛችሁ አንሸራቱ። ይህን ሳታስተካክሉ የምታሳዩት ሁሉ ብዥ ብሎ ዓይን ያደክማል።

የኋላው ማሰሪያ ከራስ ቅል ጉብታ በታች ይቀመጥ። ሹሩባ የተሠራች ወይም ሻሽ ያሰረች ሴት ላይ ማሰሪያው ወደ ላይ ይንሸራተትና መነጽሩ ወደ አፍንጫ ይወርዳል፤ ምስሉ ይደበዝዛል። ማሰሪያውን ከጉንጉኑ በታች አሳልፉ፣ ጎኑን አላሉ፣ የላይኛውን አጥብቁ። የዓይን መነጽር ላለው ከሳጥኑ ጋር የሚመጣውን ማራቂያ አስገቡ። ሌንስ በደረቅ የማይክሮፋይበር ጨርቅ ብቻ፤ አልኮል አይነካው።

አዲስ ሰው ሲቀመጥ ሁልጊዜ የኮንትሮለሩን ቁልፍ ተጭናችሁ ፊቱን እንደገና አስተካክሉ፣ የወለሉንም ከፍታ አረጋግጡ። የቀደመው ልጅ ቁመት ላይ ሌላው ቢቀመጥ መሬት ውስጥ የገባ ወይም የተንሳፈፈ ይመስለዋል።

ብርሃን፦ መነጽሩ ክፍሉን በካሜራ ነው የሚከታተለው። መብራት ድንገት ቢጠፋ ምስሉ ይንሸራተታል፤ ጎብኚውን ወዲያው አውልቁት። በባትሪ የሚሠራ የኤልኢዲ መብራት ክፍሉ ውስጥ ይኑር፤ የስልክ መብራት አይበቃም። የኛ ኃይል 50 ሄርዝ ስለሆነ ሴቲንጉ ውስጥ የመከታተያ ድግግሞሹን 50 አድርጉ፤ 60 ላይ ከቆየ ከፍሎረሰንት አምፖል ጋር ምስሉ ይንቀጠቀጣል። ባዶ ነጭ ግድግዳ ላይ ጥቂት ሥዕል ስቀሉ፤ ትልቅ መስታወት ሸፍኑ።

ስለ ምግብ፦ ሆድ ጥርቅም ብሎ ሞልቶም፣ ባዶ ሆኖም ያስቸግራል። በዐቢይ ጾምና በፍልሰታ እስከ 9 ሰዓት ያልቀመሰ ሰው ጠዋት ላይ አይቀመጥ፤ ለጾመኞች ከሰዓት በኋላ፣ ከበሉ አንድ ሰዓት ያህል ቆይተው ቦታ ያዙላቸው። ማታ ጠጥቶ ያደረ፣ ጉንፋን ወይም የጆሮ ሕመም ያለበት፣ ማይግሬን ያለበት ይቅር። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ጭራሽ አይሞክር። ነፍሰ ጡርም ትቅር። ከ10 ዓመት በታች ላለ ልጅ አምራቹ ራሱ አይፈቅድም።

ንፋስ ፊት ለፊት ይምጣ፤ ትንሽ ቬንቲሌተር ይበቃል።

ጣናዳር
እና ሎሚው? መልመዱስ? አንድ አረጋዊ «ዝንጅብል አኝኩ» ብለውናል።

አዴት_ጤና
ዝንጅብል ማቅለሽለሽን ሊያስታግስ ይችላል፤ ሻይ አድርገው ከመቀመጣቸው ግማሽ ሰዓት በፊት ቢጠጡ ጉዳት የለውም። ሎሚ ማሽተቱ ለሚያረጋጋው ሰው ይሁን፤ የሚወዛወዝ ካሜራን ግን አያርምም። የጉዞ ሕመም ክኒን ለጎብኚ አትስጡ፤ እንቅልፍ ያመጣል፣ ማዘዙም የናንተ ሥራ አይደለም።

መልመድ እውነት ነው፤ «ይቻሉት» የሚለው ግን ጎጂ ነው። አካል የሚለምደው ሳይታመም ያቆመውን ነው። ከ5 ደቂቃ ይጀመራል፣ የመጀመሪያው ምልክት ሲታይ ይቆማል፣ ሌላ ቀን ትንሽ ይጨመራል። ታግሦ የታመመ ሰው መነጽሩን ገና ሲያየው ያቅለሸልሸዋል። አንዴ የሚመጣ እንግዳ ደግሞ የሚለምድበት ጊዜ የለውም፤ 14 ደቂቃውን ከፋፍሉት፣ በየትዕይንቱ መካከል መነጽሩን ያውልቅ።

ምልክቶቹን ከውጭ ታዩአቸዋላችሁ፦ ማዛጋት፣ ምራቅ ቶሎ ቶሎ መዋጥ፣ ግንባር ላይ ቀዝቃዛ ላብ፣ የፊት መገርጣት፣ ሲያወራ የነበረ ሰው ዝም ማለት፣ ራሱን ማዞር ማቆም። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ካያችሁ ሳትጠይቁ አቁሙ። አውልቆ በመስኮት ሩቅ የማይንቀሳቀስ ነገር ይይ፣ ውኃ ትንሽ ትንሽ ይጎንጭ። ባጃጅም ሆነ ሞተር ወዲያው አይንዳ፤ ሚዛኑ ሳይመለስ ሰዓት ሊያልፍ ይችላል።

ጮቄ
መሻሻሉን በቁጥር ካልለካችሁ ክርክሩ አያልቅም። እ.ኤ.አ. በ1993 ኬኔዲና ባልደረቦቹ ያወጡት መጠይቅ አለ፤ 16 ምልክት፣ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3። ምልክቶቹ በሦስት ምድብ ይደመራሉ፦ ማቅለሽለሽ፣ ዓይን፣ መዞር፤ በሁለት ምድብ የሚገቡ አሉ። የየምድቡ ድምር በቅደም ተከተል በ9.54፣ በ7.58ና በ13.92 ይባዛል። ጠቅላላው ደግሞ ገና ያልተባዙት የሦስቱ ምድብ ድምሮች ተደምረው በ3.74 ሲባዙ ነው። ከመቀመጡ በፊትም ሙሉ፤ ጠዋት ራሱን ያመመው ሰው መነጽሩን እንዳያስወቅስ።

በመሃል ለመጠየቅ ኬሻቫርዝና ሄክት እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጡት መለኪያ ይቀላል፦ በየደቂቃው «ማቅለሽለሽህ ከ0 እስከ 20 ስንት ነው?» አንድ ቁጥር ብቻ። 5 ላይ የማቆም ልማድ ያዙ። ቁጥሩን ከደቂቃው ጋር ስትጽፉ የትኛው ትዕይንት ላይ እንደሚዘል ወዲያው ይወጣል። የዓይን ምድብ ብቻ ከፍ ካለ የብሌኑን ርቀትና የጽሑፉን ቅርበት ፈትሹ፤ ማቅለሽለሹና መዞሩ ከፍ ካሉ ካሜራውን።

በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ ውዝዋዜውን መጀመሪያ።

ሞጣ_መምህር
አያ ጮቄ፣ እኛ ትምህርት ቤት ያለን የካርቶን ሳጥንና ስልክ ብቻ ነው። ይህ ሁሉ ለእኛም ይሠራል?

ጮቄ
ከፊሉ ይሠራል፤ የካርቶኑ ግን የራሱ ገደብ አለው። ስልክ የራስን መዞር ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ልጁ ወደ ፊት ሲያዘነብል ዓለሙም አብሮት ወደ ፊት ይሄዳል። ጀርባው ተደግፎ ይቀመጥ።

ከሁሉ በፊት ስልኩ ጋይሮስኮፕ እንዳለው እዩ፤ ርካሽ ስልኮች ብዙዎቹ የላቸውም። 360 ፎቶ፣ ማለትም ዙሪያውን ሁሉ የሚያሳይ፣ ክፈቱና ስልኩን አቁማችሁ ቀስ ብላችሁ አዙሩት። ምስሉ ተከትሎ ለስላሳ ከዞረ አለው። ከዘገየ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ወይም ብረት ሲጠጋው ወደ ጎን ከጠመመ በኮምፓስ ነው የሚሠራው፤ ያንን ስልክ ለዚህ አትጠቀሙበት።

ማሰሪያ አታድርጉለት። ልጁ በሁለት እጁ ይያዘው፤ በእጅ ሲያዝ ራሱን ሲያዞር ትከሻውም ስለሚዞር ይዘገያል፣ የስልኩ መዘግየት አይጎላም። ሲያዞረውም ራሱ ያወርደዋል። ቪዲዮ ሳይሆን ፎቶ አሳዩ፤ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ። ፎቶውን ራሳችሁ የምታነሡ ከሆነ ካሜራው በትሪፖድ ላይ፣ በተቀመጠ ሰው ዓይን ከፍታ፣ 1.2 ሜትር ገደማ፣ ውኃ ልኩ ተስተካክሎ ይቁም። ሰዎች ከካሜራው ከ1.5 ሜትር በላይ ይራቁ፤ የሁለቱ ሌንስ መጋጠሚያ ላይ የቆመ ሰው ፊቱ ይሰነጠቃል።

ሞጣ_መምህር
ጋይሮስኮፕ ያላቸውን እለያለሁ። አንዱ ስልክ ስክሪኑ ከሌሎቹ ያነሰ ነው፤ ሳጥኑ ውስጥ ወደ ግራ ያዘነብላል።

ጮቄ
በሁለቱ ምስሎች መካከል ያለው ቀጭን መስመር ከሳጥኑ መሃል ምልክት ጋር ይግጠም፤ በግራና በቀኝ የታጠፈ ወረቀት ጠቅጥቅበት። 2 ሚሊ ሜትር እንኳ ቢዘነፍ አንዱ ዓይን ከሌላው ጋር ይጣላል።